ርካሹን ልግዛ ወይስ ውዱን? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ ጫማ ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው በአራተኛ ወሩ ሶሉ ከነማስቲሹ ተላቀቀ፤ የሁለተኛው ተረከዝ ተሰነጠቀ። ተናድጄ ሦስተኛውን ከሁለቱ ድምር በሚበልጥ ዋጋ ብገዛው፣ እርሱም ገና ክረምት ሳይነካው ከፊት በኩል ቆዳው እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነሣ። አሁን ሱቅ ስገባ ዐይን አዋጅ ይሆንብኛል። ርካሹን ሳነሣ የምከስር፣ ውዱን ሳነሣ የምታለል ይመስለኛል። ዋጋንና ጥራትን አመዛዝኖ መግዣ መላ ካለ ብትነግሩኝ?
በጫማ የተማረርሁ

መልስ፦ ሦስቱ ጫማዎችዎ የከዱዎት በሦስት የተለያየ ቦታ ስለ ሆነ፣ ጥፋቱን ለዋጋው ብቻ መስጠት ያስቸግራል። የመጀመሪያው በማጣበቂያው፣ ሁለተኛው በተረከዙ ጎማ፣ ሦስተኛው ደግሞ ቆዳ ተብሎ በተሸጠልዎት ነገር ነው የተበላሹት። ማንኛውም ዕቃ የሚበላሸው በደካማ ጎኑ ስለሆነ፣ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት ዕቃው የሚበላሸው በየት በኩል እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ፤ ቀጥሎም የሚጨምሩት ገንዘብ እዚያ ቦታ ላይ መዋሉን ይፈትሹ። ገንዘቡ የዋለው በሳጥኑ፣ በጌጡና በስሙ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ውዱም ልክ እንደ ርካሹ ይከዳል።

በጫማ ላይ ይህን ለመፈተሽ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ጫማውን በሁለት እጅዎ ይያዙና የእግር ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ደጋግመው ያጥፉት፤ ሶሉና ፊቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ክፍተት ከታየ፣ ማስቲሹ ገና ከሱቅ ሳይወጣ ለቋል ማለት ነው። በሶሉ ጠርዝ ዙሪያ ስፌት ካለ ደግሞ ክሩን በጥፍርዎ ጫር ጫር ያድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ስፌት መስሎ የሚታየው ነገር ሶሉን ከፊቱ ጋር የሚይዝ ክር ሳይሆን፣ ጎማው ቅርጽ ሲወጣለት ለጌጥ ተብሎ አብሮ የታተመ መስመር ነው። ቆዳውን በተመለከተ፣ የተቆረጠ ጠርዝ የሚታይበትን ቦታ ፈልገው ይመልከቱ። ያልተቀላቀለ ቆዳ ከላይ እስከ ታች ቃጫ ቃጫ የሚል አንድ ወጥ አካል ሲሆን፣ የቆዳ ፍርፋሪ በማጣበቂያ ተጋግሮ ፊቱን ፕላስቲክ ያለበሱት ግን ጠርዙ ላይ ስስ ሽፋኑና ከሥሩ ያለው ነገር ለየብቻ ይለያሉ። ከእርስዎ ጫማ ላይ የተነሣው ይህ ሽፋን ሳይሆን አይቀርም። አሽትቶ መለየት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ የቆዳ ሽታ ራሱ ተሠርቶ ስለሚቀባ እኛ አፍንጫን አናምንም።

ከቅናሽ ጋር የሚመጣ አንድ ወጥመድም አለ። ቀላልና ለስላሳ ከሆኑት ሶሎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ፖሊዩሪቴን ከሚባል ነገር ነው። ይህ ነገር በአየር ውስጥ ባለ እርጥበት ቀስ በቀስ ስለሚፈርስ፣ ጫማው አንድም ቀን ሳይደረግ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ከቆየ፣ በተጫሙት ሳምንት ሶሉ ሊፈረፈር ይችላል። ስለዚህ በጣም የተቀነሰ ጫማ ሲያጋጥምዎት ስንት ተቀነሰ ከማለት ይልቅ መቼ ተሠራ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ቀጥሎ ያለው ሒሳብ ነው። የዕቃውን ዋጋ ያገለግላል ብለው ለሚገምቱት ወራት ያካፍሉት። ዋጋው እጥፍ የሆነ ጫማ ሦስት እጥፍ ዕድሜ ካለው፣ ርካሹ እርሱ ነው። ሒሳቡ ግን ለሁሉም ነገር አይሠራም። በስድስት ወር ውስጥ እግሩ ለሚያድግ ልጅ ዐሥር ዓመት የሚቆይ ጫማ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ በዓመት አንድ ቀን ለሚነካ መሰርሰሪያም ቀላሉ ይበቃል፣ እንዲያውም መዋስ ይሻላል። በየቀኑ ለሚረገጥ፣ ለሚተኛበትና ለሚቆረጥበት ዕቃ ግን ጨመር ማድረግ ያዋጣል።

ይህን ሒሳብ ስናቀርብ እጁ ያጠረውን ሰው ረስተን አይደለም። ጥሩው እንደሚቆይ እያወቀ፣ ዛሬ ኪሱ ያለው ለርካሹ ብቻ ስለሆነ ሁለቴ የሚገዛ ሰው ሞኝ አይባልም። ለመበደር ካሰቡ ግን ወለዱን ዋጋው ላይ ደምረው ያስሉ፤ አለዚያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ይሆናል። እንዲህ ባለ ጊዜ እኛ የምንመርጠው ሊጠገን የሚችለውን ነው። ሶሉ የተሰፋ ጫማ ፊቱ ደህና እስከ ሆነ ድረስ ሶሉ ተነሥቶ ሌላ ይሰፋለታል፤ ተቀልጦ በአንድ ቅርጽ የወጣው ግን አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ ወደ ቆሻሻ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ውድ ያልሆነ ነገር ወደ ቤት አያስገባም። ለራስ ምታት የሚወስደውን ክኒን እንኳ ስሙ ከታወቀው ፋብሪካ ካልሆነ አይገዛም። ሌላው በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ያው መድኃኒት መሆኑን ብነግረውም፣ «እኔን የሚያሽለኝ ይኸኛው ብቻ ነው» ይላል። ማናችን ነን ትክክል?
የቤት ሒሳብ ያዥ

መልስ፦ በክኒኑ ጉዳይ እርስዎ ትክክል ነዎት፤ ባለቤትዎም አልዋሹም። አንድ አዲስ መድኃኒት በፈጠራ መብት የሚጠበቀው በአብዛኛው አገር ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንሥቶ ለ20 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ፋብሪካዎችም ሊሠሩት ይችላሉ፤ ጥብቅ ቁጥጥር ባለበት ቦታ ሁሉ የሚጠየቁትም ፈዋሹ ንጥረ ነገር በዓይነትና በመጠን አንድ እንዲሆን፣ ወደ ደም የሚገባበት ፍጥነትና መጠንም እንዲቀራረብ ነው። 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል በየትኛውም ሳጥን ውስጥ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ነው። የሚጥል በሽታና የእንቅርት ዕጢ መድኃኒቶችን የመሳሰሉ፣ መጠናቸው ጥቂት ከተዛባ ችግር የሚያመጡትን ግን ሐኪም ሳያማክሩ ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው መቀየር አይገባም።

ባለቤትዎ አልዋሹም ያልነው እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ሙከራ ስላለ ነው። ተመራማሪዎች ለ82 ፈቃደኞች ምንም መድኃኒት የሌለበትን አንድ ዓይነት ክኒን ሰጥተው፣ ለከፊሎቹ የአንዱ ፍሬ ዋጋ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው፣ ለቀሩት ደግሞ ወደ 10 ሳንቲም ተቀንሷል አሏቸው፤ ክኒኑ ከመሰጠቱ በፊትና በኋላም አንጓቸው ላይ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት አደረሱባቸው። ውድ ነው ከተባሉት 85 በመቶ ያህሉ፣ ተቀንሷል ከተባሉት ደግሞ 61 በመቶ ያህሉ ሕመሙ ቀለለልን አሉ። በክኒኑ ውስጥ ምንም ስላልነበረ፣ ልዩነቱን ያመጣው የተነገራቸው ዋጋ ብቻ ነው።

ይህ ማለት ውድ ሁሉ ማታለያ ነው ማለት አይደለም። እኛ የምንከተለው ልማድ፣ የተጨመረው ገንዘብ በሳጥኑ ላይ በቁጥር ከታየ ማመን፣ በቅጽል ብቻ ከታየ መጠራጠር ነው። «ልዩ» እና «የላቀ» የሚሉ ቃላትን ማተም የቀለም ወጪ ብቻ ነው። ለምሳሌ የስፖንጅ ፍራሽ በሜትር ኩብ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ሻጩን ይጠይቁ፤ ካላወቀ ስፋታቸውና ውፍረታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ፍራሾችን አንሥተው ያመዛዝኑ። ቀለል ያለው አብዛኛውን ጊዜ አየር የበዛበት ነው፤ ቶሎም ይጎደጉዳል።

አምፖልም እንዲሁ ነው፤ እዚህ ላይ ባለቤትዎ ሊረቱ ይችላሉ። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል የሚሰጠው ብርሃን 800 ሉመን አካባቢ ሲሆን፣ ኤል ኢ ዲ የሚባለው ይህንኑ ብርሃን በ9 ዋት ገደማ ይሰጣል። የድሮው ዕድሜ በአማካይ 1,000 ሰዓት ነው። ኤል ኢ ዲው 15,000 ሰዓት ቢያገለግል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ 15 የድሮ አምፖሎች ይቃጠላሉ፤ እነርሱ 900 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲፈጁ እርሱ 135 ብቻ ይፈጃል። በሱቅ የሚከፈለው የመጀመሪያው ክፍያ ብቻ ነው፤ ቀሪው በየወሩ ከመብራት ሒሳብ ጋር ይመጣል። ማቀዝቀዣና ማተሚያ የመሳሰሉትን ሲገዙም ከገዙ በኋላ ምን እንደሚበሉ አስቀድመው ያጣሩ።

ጥያቄ፦ በአንድ ዋጋ አዲስ ግን ተራ የሆነ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ወይም ያገለገለ ግን ደህና የሆነ ማግኘት እችላለሁ። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ያገለገለ ዕቃ ችግሩ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው አለማወቁ ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ በአገለገሉ መኪኖች አሳይተዋል፤ በ2001ም ከሌሎች ሁለት ባለሙያዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ስለማይችል መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል፤ ጥሩ መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ መሸጥ ስለማይዋጥለት ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረውም የባሰው ነው። ስለዚህ ያገለገለውን የምንመክርዎት ማሽኑን ገዝቶ ሲያጥብበት የኖረውን ሰው የሚያውቁት ከሆነ፣ ወይም ሻጩ በጽሑፍ ዋስትና ከሰጠዎት ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከሌለ አዲሱን ይግዙ። ያገለገለውን ለመግዛት ከወሰኑም፣ ሳይከፍሉ በፊት ውኃ አስገብተው እስኪጨምቅ ድረስ ያሠሩት፤ ሲጨምቅ የሚንኳኳ ወይም የሚያጓራ ድምፅ ካሰማ ኩሽኔታው አልቆ ሊሆን ይችላል፤ የበሩን ላስቲክም ገልበጥ አድርገው ከሥሩ ዝገትና ሻጋታ ይፈልጉ።