ሥልጠናው ሁሌ ለሌላ ሰው ነው

ይህ ዓምድ የአእምሮ ጤና ላይ የምንሠራ ሰዎች እርስ በርስ የምንጠያየቅበት ነው። የዚህ ወር ደብዳቤዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ናቸው። የጠያቂዎቹን ስምና የሥራ ቦታ አውጥቼዋለሁ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይወደድ በአንተና በአንቺ ነው የምመልሰው። ሐረሮችም አትቀየሙኝ፣ እናንተም ያው ናችሁ።

ጥያቄ፦ ሳይካትሪ ነርስ ነኝ። ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። እዚህ የአእምሮ ሕመም የማይ እኔ ብቻ ነኝ። ሥልጠና መጣ ሲባል ግን ስሜ አይወጣም። አንዴ የሄደው የፋርማሲ ልጅ ነው፣ አንዴ ደግሞ ጭራሽ ጡረታ ሊወጣ ወራት የቀሩት ሰው። ላይሰንስ ማደሻዬ እየደረሰ ነው። ከሱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከተመረቅኩ ወዲህ አዲስ ነገር አለመማሬ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አቦ፣ ይሄ ደብዳቤ ብቻውን አልመጣም። ስሙ ይለያይ እንጂ ሦስት አራት ሰው ያንኑ ጽፏል። አበል ያለበት ሥልጠና ማን ጋ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱን አላነሳም።

ላይሰንሱን እናስቀድም። ለእድሳት የሚቆጠርልሽ ዕውቅና ካለው ተቋም የወሰድሽው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት፣ በኢንተርኔት የሚሰጥም ቢሆን፣ ክሬዲቱ እንደሚያዝልሽ አረጋግጪ። አለበለዚያ የሚያምር ወረቀት ይዘሽ ትቀሪያለሽ። መሥሪያ ቤትሽን ደግሞ በጽሑፍ ጠይቂ። በቤቱ ያለሽው ብቸኛዋ ባለሙያ መሆንሽን፣ በወር ስንት ታካሚ እንደምታዪ ጻፊና የደብዳቤ ቁጥር አስወጪበት። በቃል የተጠየቀ ነገር እዚያው ቡና ላይ ነው የሚቀረው።

አሁን ወደ ትምህርቱ። የሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠና አማኑኤል ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ያኔ በአገሩ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ፣ ነርሶቹ ሠልጥነው ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተበተኑ፣ ብዙዎቹም ብቻቸውን ክፍል ከፍተው ብቻቸውን ሠሩ። ያንቺም ብቸኝነት ከዚያ የመጣ ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው ደግሞ አንድ ሳምንት ሥልጠና ሄዶ ቢመለስ፣ የሚያዋየው ከሌለ በሁለተኛው ወር ሁሉንም ይረሳዋል። እኔ ከሥልጠና ይልቅ ኬዝ የምታወሪያቸው ሰዎች እንዲኖሩሽ እፈልጋለሁ።

ሰው ደግሞ አለ። ድሬ ላይ ድል ጮራ ሆስፒታል አለ፣ ሳቢያን አለ። ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ሆስፒታል አለ፣ ጁገል አለ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅም እዚያው ሐረር ነው። በመሀል ያለው የደንገጎ ዳገት ነው እንጂ ባሕር አይደለም። አራት አምስት ሰው ሁኑና በወር አንዴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አንዴ ድሬ አንዴ ሐረር ተገናኙ። ጥሪም ደብዳቤም አያስፈልገውም።

አንድ ሰዓት፣ አንድ ኬዝ። ስም የለም፣ ቀበሌ የለም፣ «የእገሌ ሱቅ ጎን ያለው ልጅ» የለም። አቅራቢዋ ገና ስትጀምር ከእናንተ የምትፈልገውን ትናገር፦ «መድኃኒቱን ልጨምር ወይስ ልለውጥ አላወቅኩም» ወይም «ይህችን ሴት ሳያት እበሳጫለሁ፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም»። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ለጥያቄ ብቻ ይሁኑ። ምክር የሚሰጥ ሰው ይከልከል፣ በተለይ በሥራ ዘመን ትልቁ። መጨረሻ ላይ የሚደረገው ነገር ይጻፍ፣ የሚቀጥለው ወር ስብሰባም «ምን ሆነ?» ተብሎ በሱ ይጀመር። የቴሌግራም ግሩፕ መክፈታችሁ አይቀርም፣ ክፈቱ። የታካሚ ፎቶ ወይም የካርድ ፎቶ የለጠፈ ሰው ግን በዚያው ሰዓት ይውጣ።

የዓለም ጤና ድርጅት ኤምኤችጋፕ የሚባለውን የአእምሮ ሕክምና መመሪያም አውርጂው፣ ነፃ ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ተጀምሮ መመሪያው በ2010 ወጣ፣ ሁለተኛው እትም በ2016። የተዘጋጀው ስፔሻሊስት ላልሆኑ ስለሆነ አንቺ ከዚያ አልፈሻል። ነገር ግን ጎንሽ ያሉትን ጤና መኮንኖች በሱ አስተምሪያቸው። ለሰው ስታስረጂ የራስሽ ክፍተት ወዲያው ይታይሻል፣ ዓመት ፈቃድሽን ስትወጪም ታካሚዎችሽን የሚያይልሽ ሰው ይኖራል።

ጥያቄ፦ ሐረር ነኝ፣ ሳይኮሎጂስት ነኝ። ከሚመጡልኝ ወጣቶች ብዙዎቹ ይቅማሉ። «ጫት አቁም» ስለው ራሱን ይነቀንቅልኛል፣ ከዚያ በሚቀጥለው ቀጠሮ የለም። ዝም ልበል እንዴ?

መልስ፦ ዝም አትበል። «አቁም»ን ግን ተወው። የጫት ገበያው አወዳይ አፍንጫህ ሥር ነው። ፊትህ የተቀመጠውን ልጅ እናቱ ጫት ሸጣ ልታሳድገው ትችላለች፣ አንተ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ጫት መርዝ ነው ብለህ ከእናቱ ጋር ታጣላዋለህ። ለምን ይመለስ?

እኔ በጨዋታ መሀል ነው የምጠይቀው። ስንት ሰዓት ጀምረህ ስንት ሰዓት ትጨርሳለህ? ከሰው ጋር ነው ብቻህን? ጠዋት ኢጀበና፣ ማለትም ገና ስትነሳ የሚቃም ጫት፣ አለ? ምርቃናው ሲያልቅ በምን ትሰብረዋለህ፣ በጨብሲ (በመጠጥ) ነው ወይስ በእንቅልፍ ኪኒን? ስንት ሰዓት እንቅልፍ ይወስድሃል? ከጓደኞቹ ጋር በርጫ የሚቀመጥና ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን የሚቅም እኩል አያሳስቡኝም። ብቻውን መቃም የጀመረውን ቶሎ ቶሎ ነው የምቀጥረው።

መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ኪኒኑን በየትኛው ሰዓት እንደሚውጥ ጠይቀው። ማታ ሁለት ሰዓት ውሰድ ተብሎ የተጻፈለት ሰው በዚያ ሰዓት መርቅኖ ነው ያለው። ኪኒኑ ምርቃናውን ያጠፋብኛል ብሎ ይተወዋል። ይህንን ላንተ ለመንገር ያፍራል፣ ካርዱ ላይ ደግሞ «መድኃኒቱ አልሠራለትም» ተብሎ ይጻፍና መጠኑ ይጨመራል። ስንት ሰው እንዲህ ሆኖ መጠኑ እንደተቆለለ ብታይ ይገርምሃል።

ስለዚህ ተደራደር። መጀመሪያ ኢጀበናውን፣ ከዚያ የሚቅምበትን ሰዓት ቀደም ማድረግ፣ ከዚያ መጠኑን። ከቅጠሉ የሚያነቃቃው ዋናው ነገር ካቲኖን ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፣ ትኩሱ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ ቀደም ብሎ የጨረሰ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ የመተኛት ዕድል አለው፣ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት የቆየ የለውም። ልቀንስ ካለህ ደግሞ ስለ ድካሙ፣ ስለ መነጫነጩና ስለ ዱካኩ (ስለ ሌሊቱ ቅዠት) አስቀድመህ ንገረው። ሌሊት ዱካክ ሲይዘው ጂን መጣብኝ ብሎ በነጋታው ጫቱን ከሚገዛ፣ «አዎ ሳይኮሎጂስቱ ብሎኝ ነበር» ቢል ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ቅሞ፣ ሳይተኛ ቆይቶ «ይከታተሉኛል» እያለ የመጣን ልጅ በመጀመሪያው ቀን ስኪዞፍሬንያ አትበሉት። ጫቱ ቆሞ፣ ተኝቶ፣ ትንሽ ቆይቶ ይታይ። አንዳንዱ በቀናት ውስጥ ይለቀዋል። ካርድ ላይ የተጻፈ ስም ግን አይለቅም።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ጤና መኮንን ነኝ። ሱማሌኛ አልችልም። አንዲት እናት ባሏ እያስተረጎመ ሳያት፣ ራስን ስለማጥፋት ስጠይቅ ባልየው «እንዲህ ዓይነት ነገር አይጠየቅም» ብሎ ራሱ መለሰልኝ። እሷን አልጠየቃትም።

መልስ፦ ባሉ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፣ ግን ለዚህ ጥያቄ እሱ አስተርጓሚ አይሆንም። ጎረቤትም፣ ልጅም አይሆንም። የስምንት ዓመት ልጅ «እማዬ መሞት ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚደረግበት ቤት አይቻለሁ፣ በጣም ያማል። ድሬ ላይ ኦሮምኛም ሱማሌኛም አማርኛም የሚችል ሠራተኛ የሌለበት ግቢ ይኖራል ብዬ አላምንም። ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ ጥበቃ ጋ ጠይቅ። የተገኘውን ሰው አስቀድመህ አምስት ደቂቃ አነጋግረው። የተባለውን ሁሉ እንዳለ ይናገር፣ አያሳጥር፣ አያሳምር፣ ከክፍሉ ሲወጣ ረሳሁት ይበል።

ስትጠይቅ እሷን እያየህ ጠይቅ። «ጠይቃት» ሳይሆን በቀጥታ «እንቅልፍሽ እንዴት ነው?» በል። ዐረፍተ ነገርህ አጭር ይሁን። ባልየውን ደግሞ አታስከፋው፣ «መጀመሪያ ከሷ ጋር፣ ቀጥሎ ከአንተ ጋር ብቻችንን እናወራለን፣ ሁሉንም የማየው እንዲህ ነው» በለው። እውነትም ሁሉንም እንዲሁ እይ። ስለ ሞት መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ አይከትም፣ ቀድሞ ያለውን ነው የሚያወጣው። ያቺን እናት ግን ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቃት። በዚህ ሳምንት አስጠራት።

ጥያቄ፦ ሙቀቱ በመድኃኒት ላይ ምን ያመጣል? ሐረር ስሠራ አስቤው አላውቅም ነበር፣ ድሬ ከተዛወርኩ ግን ግንቦትና ሰኔ ላይ ታካሚዎቼ እየወደቁብኝ ነው።

መልስ፦ ጥሩ አስተውለሻል። አንቲሳይኮቲኩ (የከባድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱ) ክሎርፕሮማዚንም ሆነ ከሃሎፔሪዶል ጋር ለጎንዮሽ ጉዳቱ የምንሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል ላብ ይቀንሳሉ፣ ሰውነት መቀዝቀዝ ያቅተዋል። ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ለሚሸከም ወዛደርና ቀፊራ ገበያ ተቀምጣ ለምትቸረችር ሴት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ውኃ፣ ጥላ፣ ትራይሄክሲፌኒዲሉም የግድ ካላስፈለገ አይሰጥ። ለባይፖላር ሊቲየም የሚወስድ ካለሽ የበለጠ ተጠንቀቂ። በላብና በተቅማጥ ውኃ ሲያልቅ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይከማቻል፣ ለራስ ምታት ብሎ የሚውጠው አይቡፕሮፌንም ያባብሰዋል። እጁ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ካስመለሰው፣ ሲሄድ ከተንገዳገደ ሊቲየሙ ይቁምና ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል።

ትኩሳትንም እንዲሁ። ድሬ ላይ ትኩሳት ሲባል ሁሉም ወባ ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጌን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን ስላየን ደግሞ እነሱ ይታሰባሉ። ልክ ነው፣ ይመርመር። ግን አንቲሳይኮቲክ የሚወስድ ሰው ትኩሳት ይዞት ሰውነቱ እንደ እንጨት ከደረቀና ንቃቱ ከተዛባ፣ የወባ ውጤት እየጠበቅሽ ሃሎፔሪዶሉን አትቀጥዪ። አቁሚና ሪፈር በይ።

ጥያቄ፦ ቤተሰቡ ልጃቸውን ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ እንውሰደው አሉኝ። መድኃኒቱን ያስቆሙታል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ ይሂድ። ብትከለክዪ ሳይነግሩሽ ይሄዳሉ። ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ጥሪያቸውና ኪኒኑን ቆጥረሽ ስጪ፣ የሚይዘውም አንድ ሰው ይሁን። መርፌ የሚወስድ ከሆነ ቀኑ ከጉዞው በፊት እንዲውል አድርጊ። በሕዝብ መሀል ሌሊቱን ቆሞ ማደር ለሱ ስለማይሆን የሚተኛበት ቦታ ይፈለግለት። የሚያምኑበትን አባት «መድኃኒቱንም ውሰድ» እንዲሉት ጠይቂያቸው፣ ካንቺ አንድ ሰዓት ምክር የሳቸው አንድ ቃል ይበልጣል። ለሩቅያ (በቁርኣን ለሚደረግ ፈውስ) የሚሄድ ካለም ነገሩ ያው ነው፣ ሼኩን አነጋግሪ።

ጥያቄ፦ የዓለም የአእምሮ ጤና ቀንን ዘንድሮ በምን እናክብረው?

መልስ፦ ቀኑ ኦክቶበር 10 ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ይከበራል፣ በኛ መስከረም 30 ወይም 29 ላይ ይውላል። አዳራሽና ቲሸርት ይቅር። ታይዋን ወይም ቀፊራ ገበያ አንድ ጥላ ዘርግታችሁ፣ በሦስቱ ቋንቋ የሚያወራ ሰው አስቀምጣችሁ፣ የት ሄዶ መታከም እንደሚቻል ብቻ ንገሩ። ከዚያ በፊት ግን ፋርማሲያችሁ ገብታችሁ አሚትሪፕቲሊኑና ሃሎፔሪዶሉ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ሰው ጠርታችሁ «መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዛ» ከምትሉ ፕሮግራሙን ወደ ጥቅምት ብትገፉት ይሻላል።