የሰንበት ሻማ በአዳማ ስንት ሰዓት ይበራል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በአዳማ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። ኢየሩሳሌም የሚኖሩት አክስቴ ዐርብ ዐርብ ሲደውሉ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ «ሻማ የማበራበት ሰዓት ደረሰ» ብለው ስልኩን ይዘጋሉ። አያቴ ግን ጎንደር ሳሉ ሰንበት ሳይገባ የምድጃውን እሳት ያጠፉ ነበር ይባላል። ሕጉ የትኛው ነው? እኔስ እዚህ ላብራ ብል ሰዓቱ መቼ ነው?

መልስ፦ ወሳኙ ወሰን የፀሐይ መጥለቅ ነው። በአይሁድ ሥርዓት ዕለት ከምሽት ስለሚጀምር ሰንበት የሚገባው ዐርብ ማታ ነው፤ እሳት መለኮስም በሰንበት ከተከለከሉት ሥራዎች አንዱ በመሆኑ ሻማው ከዚያ በፊት መብራት አለበት። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሦስት ከዋክብት እስኪታዩ ያለው ጊዜ ቀን ይሁን ሌሊት ስለሚያጠራጥር፣ በዚያ ሰዓት ክብሪት መጫር አይፈቀድም። ከሥራው ቀን ጥቂት ቀንሶ በሰንበት ላይ መጨመርም ስለሚገባ፣ በብዙ አገር ፀሐይ ልትጠልቅ 18 ደቂቃ ሲቀራት ማብራት ልማድ ሆኗል። በኢየሩሳሌም ልማዱ 40 ደቂቃ ነው፤ አክስትዎ የሚቸኩሉትም ለዚህ ነው።

እርስዎ የሚከተሉት የአዳማን ፀሐይ ነው። በአዳማ ፀሐይ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ እስከ 12 ሰዓት ከ45 ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ ስለዚህ ለምሳሌ 12 ሰዓት ከ33 በምትጠልቅበት ዐርብ ሻማዎ 12 ሰዓት ከ15 ላይ ይበራል። ስልክዎ የሚያሳየው የአዲስ አበባን የፀሐይ መጥለቂያ ሰዓት ከሆነ ግን ይጠንቀቁ፤ አዳማ ወደ ምሥራቅ ስለምትገኝ ፀሐይ ሁለት ደቂቃ ያህል ቀድማ ትጠልቃለች። እጅግ አስቀድሞ ማብራትም አይቻልም። ቀኑ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ በ12 ተከፍሎ አንዱ ክፍል እንደ አንድ ሰዓት ይቆጠራል፤ ፀሐይ ልትጠልቅ እንዲህ ያለ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲቀራት ከሚሆነው ጊዜ ቀድሞ የሚበራ ሻማ ለሰንበት ክብር የበራ አይባልም፤ በአዳማ ይህ 75 ደቂቃ ገደማ ነው። ልክ ይህ ጊዜ ሲደርስ የሚያበራም ሰንበትን ወዲያው መቀበል አለበት።

የአያትዎ ነገር ሌላ ሥር አለው። ዘፀአት 35፥3 በሰንበት ቀን በመኖሪያ ሁሉ እሳት ማንደድን ይከለክላል። ረቢዎች፣ ማለትም የአይሁድ የሕግ መምህራን፣ ይህን የተረዱት አዲስ እሳት መለኮስ ተከለከለ ብለው ነው፤ ቀድሞ የበራው እየነደደ ቢያመሽ አይከለክሉም፤ እንዲያውም ቤተሰቡ በጨለማ እንዳይቀመጥ ማብራትን ግዴታ አድርገውታል። የረቢዎቹ ትምህርት ያልደረሳቸው ቤተ እስራኤል ግን ቃሉን እንዳለ ይዘው በቤት ውስጥ ምንም እሳት እንዳይኖር ያጠፉ ነበር፤ የረቢዎችን ትምህርት የማይቀበሉት አይሁድ፣ የጥንት ቀራውያንም፣ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። በእኔ እይታ አያትዎ ሕጉን ያጠበቁ እንጂ ያፈረሱ አይደሉም። ዛሬ በእስራኤል ከሚኖሩት ቤተ እስራኤል ብዙዎቹ ሻማ ያበራሉ።

ቡራኬውን በተመለከተ አሽከናዚ (መነሻቸው ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አውሮፓ የሆነ አይሁድ) ሴቶች መጀመሪያ አብርተው ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይባርካሉ፤ ምክንያቱም ቡራኬው ሰንበትን መቀበል ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ክብሪት ሊነኩ አይችሉም። ከሴፋርዳውያን (መነሻቸው ከስፔንና ከፖርቱጋል የሆነ አይሁድ) ብዙዎቹ ግን ባርከው ያበራሉ። በቡራኬው ቅደም ተከተል የአክስትዎን ልማድ ቢከተሉ ይበቃዎታል፤ ብቻ ፀሐይ ጠልቃ ከሆነ ክብሪቱን ይተዉት።