«ምትክ» ሳይሆን «አዲስ ካርድ» ይበሉ፦ ከኮምቦልቻ ለጠየቁን እህት

እህቴ፣ ጥያቄዎን ደግሜ አነበብኩት። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡትን የወንድምዎን ሦስት ልጆች፣ የ11 ወሯን ሕፃን ጨምሮ፣ ኮምቦልቻ ላይ ተቀብለው እያሳደጉ መሆኑን፣ ትምህርት ቤቱ ግን ትልልቆቹን የክትባት ካርድ ካላመጡ እንደማይመዘግባቸው መናገሩን ጽፈዋል፤ ልጆቹ የተከተቡበት ጤና ኬላ ማስረጃ እስኪልክ ይጠብቁ እንደሆነም ጠይቀዋል። አይጠብቁ። እኔ ደሴ ላይ የእህቴን ልጆች ይዤ ስጠብቅ አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን አምልጦናል።

አንደኛ፣ ጤና ጣቢያው መስኮት ላይ የሚናገሩትን የመጀመሪያ ቃል አስቀድመው ያዘጋጁ። የእህቴ ልጆች ተፈናቅለው ወደ እኔ የመጡት በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ሲሆን፣ እኔ በማግስቱ ሄጄ የተናገርኩት «ልጆቹ ሙሉ ክትባት ወስደዋል፤ ካርዱ ከቤቱ ጋር ስለተቃጠለ ምትክ ይሰጠን» የሚል ነበር። የዋሸሁ አልመሰለኝም፤ እህቴ ቀጠሮ የማታሳልፍ ሴት ስለነበረች ልጆቿ «ያልተከተቡ» ተብለው እንዲጻፉባት አልፈለግሁም። መዝገቡን የያዘው ሰው ቀና ብሎ ሳያየኝ «እኛ ያልሰጠነውን አንተካም፤ የሰጣችሁ ይተካላችሁ» አለኝ። ወዴት እንደምሄድ ብጠይቀው «እሱን እናንተ ታውቁታላችሁ» ብሎ ቀጣዩን ተራ ጠራ። ልጆቹ የመጡበት ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ራሷ ተፈናቅላ የት እንዳለች በማይታወቅበት ጊዜ፣ እኔ ደብዳቤ ፍለጋ ስልክ ስደውል፣ ለማላውቀው ሰው የአገልግሎት እያልኩ ገንዘብ እየላክሁ ከረምኩ። ኅዳር ላይ አንድ ወረቀት በስልክ ፎቶ ደረሰኝ፤ ማህተሙ ግን የማይነበብ ስለነበር ትምህርት ቤቱ አልቀበልም አለ፤ ትምህርቱም ርቆ ስለሄደ ለከርሞ እንድንመለስ ተነገረን። ትልቋ፣ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ያን ዓመት የከረመችው ከስፌት መኪናዬ ሥር ተቀምጣ በልብስ መቁረጫ ጠመኔዬ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ሀ ሁ እየጻፈች ነው። በዚያው ሰሞን አንድ ሰው በገንዘብ የተሞላ ካርድ ላምጣልህ ቢለኝም እምቢ ብያለሁ፤ ልጅ ያልወሰደውን መርፌ በወረቀት አይወስድም።

በቀጣዩ ሐምሌ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ስሄድ አንዲት ነርስ በትዕግሥት አዳመጠችኝና «ጋሼ፣ ምትክ አይበሉ፤ ማስረጃ የለንም፣ አዲስ ካርድ ይውጣልንና የጎደላቸው ይሰጣቸው ይበሉ» አለችኝ። የሥራቸው ደንብ፣ እንዳስረዳችኝ፣ በጽሑፍ ማስረጃ የሌለውን ልጅ እንዳልተከተበ ቆጥሮ መጀመር ነው፤ ልጁ ቀደም ሲል ወስዶት ከሆነም የኩፍኝ ወይም የፖሊዮ ክትባት ቢደገም አይጎዳውም። የተወሰነው ብቻ በማስረጃ ከታወቀ ደግሞ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያው አይጀመርም። የልጆቹን እጅጌ ሰብስባ ክንዳቸውን አየች፤ በሁለቱ ላይ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት የሚተወው ትንሽ ክብ ጠባሳ ነበረና መዘገበችው። ጠባሳ ያልታየበት ልጅ ሁሉ አልተከተበም ማለት እንዳልሆነም ነገረችኝ። ዓመት የፈጀብኝ የካርድ ጉዳይ በግማሽ ቀን አለቀ።

ሁለተኛ፣ «ሙሉ ተከትበዋል» የሚለውን ቃል ይተዉት፤ እኔን ያሳፈረኝ እሱ ነው። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር እንደሚሰጥ ሁላችንም እናውቃለን፤ በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው ዙር ግን ወደ አገራችን መደበኛ መርሐ ግብር የገባው በ2011 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተወለደችው የእህቴ ትልቋ ልጅ፣ እናቷ አንድም ቀጠሮ ሳታጓድልባት፣ ሁለተኛው ዙር ጎድሏት ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንን ነበር «ሙሉ» እያልኩ የምከራከረው። የእርስዎ የ11 ወሯ ሕፃን የ9 ወሩን ካልወሰደች አሁኑኑ ትውሰድ፤ የ15 ወሩንም ቀጠሮ አይርሱት። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ፔንታ ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ የጉበት በሽታንና ሂብ የተባለውን ተሐዋሲ በአንድ መርፌ የሚከላከል ነው፤ ከ7 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ግን ትክትክ የሌለበትና ለዕድሜው የተዘጋጀው ስለሚሰጥ፣ ከወንድምዎ ልጆች ትልቁ ዕድሜው ከዚያ ካለፈ «ፔንታ ይሰጠው» ብለው አይሟገቱ፤ ምርጫውን ለባለሙያዋ ይተዉላት።

ከመሄድዎ በፊት የክትባት ቀኑ መቼ እንደሆነ ይጠይቁ። የኩፍኝና የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ብልቃጥ ለብዙ ልጆች የሚሆን ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላም ከ6 ሰዓታት በላይ ስለማይቆይ ይጣላል። ስለዚህ ለአንድ ልጅ ብልቃጥ መክፈት ስለሚከብዳቸው ሌላ ቀን ይቀጥራሉ። ይህንን ሳላውቅ ሦስት ልጆች ይዤ በባጃጅ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ክትባቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ነው፤ የባጃጁን ግን የሚመልስልኝ አላገኘሁም።

መስኮት ላይ ያለው ሰው አሁንም «ከመጣችሁበት አምጡ» ካለዎት፣ ድምፅዎን ሳያነሱ የካምፓላውን ስምምነት ይጥቀሱለት። የአፍሪካ ኅብረት በ2002 ዓ.ም. ያወጣውና አገራችን በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው ይህ የተፈናቃዮች ስምምነት በአንቀጽ 13 ላይ፣ በመፈናቀል የጠፋን ሰነድ መንግሥት አግባብ የሌለው ቅድመ ሁኔታ ሳይደረድር እንዲተካ ወይም አዲስ እንዲሰጥ ይደነግጋል። እኔ በኋላ ነው የሰማሁት፤ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ያንን ሰውዬ እንዲህ በቀላሉ አልለቀውም ነበር። ደግሞስ ሰነድ የጠፋው ለመጤ ብቻ ነው? በ2014ቱ ጦርነት እዚሁ ደሴና ኮምቦልቻ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ የእኛው ጎረቤት ልጅ የተመዘገበበት መዝገብም የገባበት ጠፍቷል።

ካርዱ ሲወጣ የሁሉም ልጅ ቀጠሮ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ወደ ትምህርት ቤቱ ይዘውት ይሂዱ፤ የእኛው ርዕሰ መምህር የተጀመረ ካርድና የቀጣዩን ቀጠሮ ቀን አይተው መዝግበዋቸዋል። ሁለቱንም ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ዋናውን ግን በላስቲክ አያሽጉት። እኔ ዳግመኛ እንዳይበላሽብኝ ብዬ ሦስቱንም በክብር አሽጌያቸው ስለነበር፣ በቀጠሮው ቀን ነርሷ የምትጽፍበት ቦታ አጥታ ሳቀች፤ እኔም የስፌት መቀሴን ከኪሴ አውጥቼ እዚያው ወንበር ላይ ጫፍ ጫፉን ስቀድ አረፈድኩ።