ውርጭ የመታውን ገብስ ይዤ ምን ብዬ ልጸልይ?

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ የምኖር ገበሬና የአራት ልጆች አባት ነኝ። ባለፈው ዓመት የበልጉ ዝናብ ሳይጥል ቀረ፤ ዘንድሮ ደግሞ የመኸሩ ገብስ አምሮ ሳለ በኅዳር መጀመሪያ በአንድ ሌሊት ውርጭ መታው። ጠዋት ማሳው ዳር ቆሜ ዛላውን በመዳፌ ባሸው በእጄ የቀረው ገለባ ብቻ ነበር። ማታ ለጸሎት ስቆም አፌ «እንደ ፈቃድህ ይሁን» ይላል፤ ልቤ ግን «ለምን?» እያለ ይሞግታል። ባለቤቴ «እሱ ያውቃል፤ አታማርር» ትለኛለች። እግዚአብሔርን «አዝኜብሃለሁ» ማለት ኃጢአት ነውን?

መልስ፦ ወንድማችን፣ እንኳን ጻፉልን። ኃጢአት አይደለም። ይህን የምልዎ ለማጽናናት ብዬ ብቻ ሳይሆን፣ ዘወትር የምንደግመው ዳዊት ራሱ እንዲህ ባለ ሙግት የተሞላ ስለ ሆነ ነው። በመዝሙር 12 (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሩ 13 ነው) «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ? እስከ መቼስ ፊትህን ከእኔ ትሰውራለህ?» የሚለው ሰው ከዚያው ደጅ በቀር ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው ነው የሚጮኸው። ኢዮብም ከዚህ የመረረ ቃል ተናግሯል፤ ሆኖም በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው ስለ እርሱ ጥብቅና የቆሙ መስሏቸው ኢዮብን በነቀፉት ባልንጀሮቹ ላይ ነበር (ኢዮ. 42፥7)።

«እንደ ፈቃድህ ይሁን» የሚለውን ቃል በተመለከተ ግን ጠንከር አድርጌ የምነግርዎ ነገር አለ። ጌታችን በጌቴሴማኒ ይህን ከማለቱ አስቀድሞ የሚፈልገውን በግልጽ ተናግሯል፤ ጽዋዋ እንድታልፍለት ለምኗል፤ ያውም ሦስት ጊዜ ተመላልሶ (ማቴ. 26፥39-44)። እርስዎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የመጀመሪያውን ዘለው ከመጨረሻው የጀመሩ ይመስለኛል። ስለ ገብሱ፣ ስለ ልጆቹ ቀለብ፣ ስለዚያ ጠዋት አንድም ቃል ሳይነግሩት «ፈቃድህ» ካሉ፣ ምኑን ለእርሱ እንደ ተዉለት ልብዎ አያውቀውም፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ሲሞግት ያድራል።

ውርጩ ለምን በእርስዎ ማሳ ላይ እንደ ወረደ እኔ ልነግርዎ አልችልም። የኃጢአትህ ዋጋ ነው የሚል ሰው ቢመጣ ግን አይስሙት፤ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው እንዲሁ ለጠየቁት ደቀ መዛሙርት ጌታ የሰጠውን መልስ ያስታውሱ (ዮሐ. 9፥3)። ነቢዩ ዕንባቆም መጽሐፉን «እስከ መቼ» ብሎ ጀምሮ የሚጨርሰው እርሻው መብል ባይሰጥ፣ በጎቹም ከበረት ቢጠፉ በእግዚአብሔር ደስ እንደሚለው በመናገር ነው። ልብ ይበሉ፣ ይህን ሲል እርሻው ገና አልሰጠም፤ በበረቱም የገባ በግ የለም። የለመነው ነገር ሳይመለስ ነው የታመነው። እዚያ የደረሰውም ተሟግቶ ነው።

ለመጪው በልግ ዘር ካጡ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያስታውቁ፤ ይህም ከመታመን ጋር አይጋጭም። የልብዎንም ለንስሐ አባትዎ ያጫውቱ።

ባለቤትዎ «እሱ ያውቃል» ማለታቸው ትክክል ነው። ይሁንና እሳቸውም ያንኑ ጎተራ ነው የሚያዩት፤ ምናልባት የራሳቸውን ኀዘን በዚህ ቃል ሸፍነውት ይሆናል። ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ መዝሙር 12ን አብረው ይድገሙ፤ ስድስት ቁጥር ብቻ ናት። ከዚያ ስለ ገብሱ በገዛ ቃልዎ ለእግዚአብሔር ይንገሩት፤ ባለቤትዎም የራሳቸውን እንዲናገሩ ይጠብቋቸው።