አልሙኒየም ሪብ ሲታጠፍ ለሚሰነጠቅብህ ወንድሜ

ጥያቄህን ማታ አይቼው መብራት ጠፍቶብኝ ነው ሳልመልስልህ ያደርኩት። ለምትሰራት ትንሽዬ አውሮፕላን የክንፍ ሪብ (ክንፉን ከውስጥ ቅርጽ የሚያስይዘው አጥንት) 2024 ቲ3 ከሚባለው ጠንካራ የአውሮፕላን አልሙኒየም፣ ከ0.8 ሚሊ ላሜራ እያጠፍኩ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቅብኛል፣ በጋዝ አሙቄ ላለስልሰው ወይ ነው ያልከው አይደል? ባክህ እሳቱን ተወው።

እኔ እዚሁ ባህር ዳር የመኪና ቦዲ ነው እንጀራዬ፣ ሪብ የቀጠቀጥኩት አንድ ወዳጄ እንዳንተው ለፍቶ ሲሰራ ሁለት ክረምት አብሬው ስለቆየሁ ነው። ለመኪና ፓራፋንጎ ከሆነ አልሙኒየሙን ሳሙና ቀብተህ ታሞቀዋለህ፣ ሳሙናው ጠቆር ሲል ለስልሷል ማለት ነው፣ እኛም እንደዛ እናደርጋለን። የአውሮፕላኑ ላሜራ ግን ጥንካሬው የመጣው ፋብሪካ ውስጥ ካገኘው ሙቀት ነው፣ አንዴ ካለሰለስከው እንደ ቆርቆሮ ሆኖ ይቀራል። 6061 ቲ6 የሚባለው ሌላው የአልሙኒየም ዓይነት ለምሳሌ እስከ 276 ሜጋ ፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) ድረስ ሳይጣመም ይችላል፣ ሲለሰልስ ወደ 55 ይወርዳል፣ አምስት እጅ ቀነሰ ማለት ነው። ያንተን 2024 ልመልሰው ብትል 493 ዲግሪ አካባቢ ሙቀቱን አስተካክሎ የሚይዝ ምድጃና ወዲያው ውሃ ውስጥ መንከር ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ በጋዝ ነበልባል በዓይን ግምት አይሞከርም።

ችግርህ ማዕዘኑ ይመስለኛል። የኔም የመጀመሪያዎቹ ሪቦች ሁሉም ተሰነጠቁ፣ ሞርሳ ላይ በአንግል ብረት አስሬ ጠርዙ ላይ ቀጥ አድርጌ ስለመታኋቸው፣ አሸንዳ የለመደ እጅ ምን ያድርግ። የአሸንዳ ቆርቆሮ እጥፍ ብሎ ቢተኛም ምንም አይለው፣ 2024 ቲ3 ግን በ0.8 ሚሊ ውፍረት መታጠፊያው ስል ማዕዘን ሳይሆን ቢያንስ 3 ሚሊ ራዲየስ ያለው ክብ እጥፋት ይፈልጋል። ስለዚህ የሪቡን ቅርጽ በእንጨት አስቀርጽና ጠርዙን በዛ ልክ አክብበው። እኛ በዋንዛ ጀምረን ትንሽ ሪብ እንደሰራን ጠርዙ ተጨፈለቀ፣ በኋላ ወይራ አገኘንና ተገላገልን። የእንጨቱን ጎን ደግሞ ወደ ውስጥ 4 ወይ 5 ዲግሪ ገባ አድርገህ ላገው፣ ላሜራው ስትለቀው ወደ ኋላ ስለሚመለስ 90 ላይ የሚቆምልህ አልፈህ ስታጥፈው ነው። ከላይ ሌላ እንጨት ደርብበት፣ በሁለት ፒን እንዳይንሸራተት ያዘውና ሞርሳ ላይ እሰረው፣ መዶሻው የፕላስቲክ ይሁን፣ አንድ ቦታ ላይ አትጨርሰው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትንሽ ትንሽ እያልክ ደጋግመህ ሂድበት።

ሳታጥፈው በፊት ጠርዙን በሊማ ከዛ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ መቀሱ የተወው ጥርስ ነው ስንጥቁን የሚጀምረው። ሁለት መታጠፊያ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ በትራፓኖ ክብ ቀዳዳ አውጣ። መስመሩንም በማርከር አስምር፣ በመርፌ ከጫርከው እዛው ይሰነጠቃል፣ በእርሳስ ደግሞ ካሰመርክ እርሳሱ አልሙኒየሙን ይበላዋል፣ በተለይ ክረምት እንዲህ ጣና ዳር እርጥበት ሲይዘው።

የሪቡ ጀርባ ጋር ስትደርስ ላሜራው ይበዛብህና ይኮማተራል፣ ሪቡም እንደ ሙዝ ይጎብጣል። አትደንግጥ፣ በመዶሻ ልጨፍልቀው ብለህም አትታገለው። ልክ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ፍላንጁን (የታጠፈውን ጠርዝ) በየተወሰነ ርቀት በፒንሳ ሸንሽነው፣ የኛን ፒንሳ ወዳጄ ተራ ፒንሳ ላይ ክብ ብረት በይዶ ነበር የሰራው፣ ሽንሽኑ ሪቬት (ላሜራ ከላሜራ የሚያያይዘው ሚስማር) የሚገባበት ቦታ ላይ እንዳይወድቅ ብቻ አስቀድመህ ምልክት አድርግ። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ እያስተኛህ ጉብጠቱ እስኪጠፋ አንድ አንድ እየጨመርክ ሂድ።

አሁን የተሰነጠቁትን ጣላቸው፣ ስንጥቁን በሪቬት ልይዘው እንዳትል። ደግሞ አንድ ነገር እይልኝ፣ ላሜራው ላይ የታተመው ጽሁፍ በየት በኩል ነው የሚሄደው? ብዙ ጊዜ ፋብሪካ የተዳመጠበትን አቅጣጫ ነው የሚከተለው፣ መታጠፊያህ ከሱ ጋር ትይዩ ከሆነ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ረጅሙ መታጠፊያ ጽሁፉን የሚያቋርጥ ይሁን። ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፍልኝ፣ ማታ ከስራ ስወጣ አየዋለሁ።