ኦሞ አፈር ውስጥ የቀረ መርዝ ያጥባል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጓሯችን መረሬ አፈር ነው፣ ካሮትና ጎመን ልንተክል ስንል ድሮ የወባ ዲዲቲ ይቀመጥበት የነበረ ቦታ ነው አሉን። ጎረቤታችን ደሞ ኦሞ በጥብጣችሁ አጠጡት መርዙ ታጥቦ ይሄዳል ይላል። ሌላው ሸክላ አፈር ራሱ መርዝ ይዞ ያስቀራል አለን። የቱን እንመን? (አንባቢያችሁ፣ ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ እባክዎ ኦሞውን እንዳያፈሱት። መረሬ ውስጥ የሚበዛው ሞንትሞሪሎናይት የሚባል የሸክላ ማዕድን ነው፣ ገጹ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላለው ካልሲየምና ሶዲየም ይለጠፉበታል፣ እነሱ ደሞ ውሃ ስለሚስቡ ዙሪያው ሁሌ በውሃ የተያዘ ነው፣ ዲዲቲ ግን ውሃ የሚሸሽ ነገር ስለሆነ እዛ ብዙም ቦታ አያገኝም። አፈር ውስጥ ዲዲቲን ጥሩ አርጎ የሚይዘው የበሰበሰው ቅጠላ ቅጠል ነው። ፓራኳት የሚባለው አረም ማጥፊያ ቢሆን ሌላ ነው፣ እሱ ፖዘቲቭ ስለሆነ ሸክላው ጥርቅም አርጎ ነው የሚይዘው።

ሳሙና ሲጨመር ነገሩ ይቀየራል፣ ግን እንደ ሳሙናው ዓይነት ነው። ኦሞ ውስጥ ያለው ሰርፋክታንት (ቅባትና ቆሻሻን ከውሃ ጋር የሚያዋህደው የሳሙናው ንጥረ ነገር) በአብዛኛው ኔጋቲቭ ስለሆነ ከሸክላው ጋር ይገፋፋል፣ ውሃው ውስጥ ይቀርና መጠኑ ከበዛ ተሰባስቦ ሚሴል የሚባል ደቃቅ ኳስ ይሰራል፣ ዲዲቲው ኳሱ ውስጥ ይገባና ከውሃው ጋር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የጎረቤትዎ ሀሳብ መሰረት አለው፣ የተበከለ አፈር በዚህ መንገድ የሚያጥቡ ባለሙያዎችም አሉ፣ እነሱ ግን ያጠበውን ውሃ ሰብስበው ያጣሩታል። እርስዎ ጋ የት ይሄዳል? ወደ ታች፣ ምናልባት ወደ ጉድጓድ ውሃ!

ጸጉር ኮንዲሽነርና የልብስ ማለስለሻ ውስጥ ያለው ዓይነት ፖዘቲቭ ሰርፋክታንት ደሞ ተቃራኒውን ያረጋል፣ ሶዲየሙን አስለቅቆ ቦታውን ይይዝና ረጅም የካርቦን ጅራቱ ሸክላውን ቅባት ወዳድ ያደርገዋል፣ ያኔ ዲዲቲም ቤንዚንም ይጣበቁበታል። ኦርጋኖክሌይ የሚባለው ይሄ ነው፣ ቆሻሻ ውሃ ለማጣራት በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። ጓሮ ላይ ግን አይሞከርም፣ እነዚህ ሰርፋክታንቶች የአፈር ባክቴሪያና ዓሳ ይጎዳሉ፣ ፓራኳት ካለም ከሸክላው ላይ ሊያስለቅቁት ይችላሉ።

አፈሩን ላቦራቶሪ ያስመርምሩት። ውጤቱ እስኪመጣ ካሮት አይትከሉ፣ ዲዲቲ ልጣጩ ላይ ይከማቻል፣ ዱባና ዝኩኒም በስራቸው ይስቡታል። አትክልት ካማራችሁ ከሌላ ቦታ የመጣ ንጹህ አፈር በጆንያ ሞልታችሁ እዛ ላይ ትከሉ።