ሞተርሆምን ከዘመድ ቤት ሶኬት ላይ ስለ መሰካት

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የጻፉልኝ አባወራ ልጆቻቸውንና እናታቸውን በሞተርሆም፣ ማለትም እንደ ቤት በሚኖሩበት መኪና፣ ይዘው፣ በየመንገዱ ዘመድ እየጠየቁ እስከ ዴንቨር ለመዝለቅ ተነሥተዋል። ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ላይ እህታቸው ደጅ አቁመው፣ 30 ሜትር በሚሆን ቀጭን ኤክስቴንሽን ከጋራዡ መብራት ቢስቡ፣ ኤሲው በተነሣ ቁጥር ብሬከሩ እየወደቀ አስቸገራቸው፤ የገመዱም መሰኪያ ቀልጦ ጠቆረ። ሞተርሆሙ ተበላሽቶ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ዴንቨር ያለው ወንድማቸው ደግሞ 30 አምፒር ሶኬት አስገጥሞ ሊጠብቃቸው ነው።

ከገለጹልኝ ምልክት በመነሣት፣ ጥፋቱ የሞተርሆሙ ሳይሆን የገመዱና የጋራዡ መስመር ነው እላለሁ። ሞተርሆምዎ የተሠራው ለ30 አምፒር ማለትም ለ3,600 ዋት ሲሆን፣ የተለመደው የጋራዥ ሶኬት ግን 15 አምፒር ነው፤ ለሰዓታት ሳያቋርጡ ሲጠቀሙበትም ከ12 አምፒር በላይ ሊጫን አይገባም። የጣሪያው ኤሲ ብቻውን ይህን ያህል ይወስዳል፤ የኤሲው ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በዚሁ መስመር ላይ የጋራዡ ፍሪዘር ካለ፣ ወይም እህትዎ እንግዳ መጣ ብለው የእንጀራውን ምጣድ እዚያው ከሰኩ፣ ብሬከሩ መውደቁ ሥራውን መሥራቱ ነው። ስለዚህ ኤሲ በሚሠራበት ጊዜ ማቀዝቀዣውንና የውሃ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ ያዙሯቸው፤ ማይክሮዌቩ ይቆይ፤ ቡናውም በጋዝ ምድጃው ላይ ይፈላ።

ገመዱን ግን ዛሬውኑ ይጣሉት፤ የቀለጠ መሰኪያ በፕላስተር ተጠቅልሎ አይድንም። የሽቦው ውፍረት 16 ቁጥር የሆነ የ30 ሜትር ገመድ 13 አምፒር ሲያልፍበት በመንገድ ላይ ብቻ 10 ቮልት ያህል ይበላል፤ የተበላው ኃይልም ወደ ሙቀት ይለወጣል። የቤቱ መስመር የሚበላው ሲጨመርበት፣ ከ120 ተነሥቶ 105 ቮልት ገደማ የደረሰው መብራት የኤሲውን ኮምፕረሰር እያደከመ ያቃጥለዋል። በገመድ ላይ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው እንደሚወፍር ያስታውሱና 10 ቁጥር፣ ቢቻል ከ15 ሜትር ያልበለጠ ይግዙ፤ ሲጠቀሙበትም ጥቅሉን ሙሉ በሙሉ ይፍቱት። ከሰኩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መሰኪያውን በእጅዎ ዳስሰው፣ ለብ ከማለት አልፎ የሚያቃጥል ከሆነ ኤሲውን ወዲያው ያጥፉ።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝን ልናገር። ሞተርሆም በጎማ ላይ ስለሚቆም ከመሬት የተነጠለ ነው፤ የኤክስቴንሽኑ ክብ እግር፣ ማለትም የመብራት ፍሳሽን በደህና የሚያስወጣው የግራውንዱ፣ ተሰብሮ ወይም የቤቱ መስመር ጥንት ያለ ግራውንድ ተዘርግቶ ከሆነ፣ ውስጥ ያለች ትንሽ የመብራት ፍሳሽ የመኪናውን ብረት ሁሉ ትይዛለች። እናትዎ በእርጥብ ሣር ላይ ቆመው የበሩን እጀታ ሲጨብጡ ይህ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም። ሳይነካ መብራት የሚለይ ርካሽ ቴስተር ይያዙ፤ በሰኩ ቁጥር ማንም በሩን ሳይነካ ወደ ብረቱ ያስጠጉት፤ ከጮኸ ገመዱን ከቤቱ ሶኬት በኩል ይንቀሉ።

ወደ ዴንቨሩ ሶኬት ስንመጣ፣ ወንድምዎ ለባለሙያው «30 አምፒር» ብለው ብቻ እንዳይነግሩ ዛሬውኑ ይደውሉላቸው። ብዙ የቤት ኤሌክትሪሻን 30 አምፒር ሲባል የልብስ ማድረቂያውን ባለ 240 ቮልት መስመር ያስባል፤ በዚህ ስሕተት ማይክሮዌቩም፣ ቻርጀሩም፣ ኤሲውም በአንድ ቅጽበት የተቃጠሉበት ሞተርሆም በእጄ ገብቶ ያውቃል። የሚያስፈልገው ቲቲ-30 የሚባለው፣ ባለ 120 ቮልት የሞተርሆም ሶኬት ነው። ሲደርሱም ከመሰካትዎ በፊት በመልቲሜትር ይለኩ፦ ከፌዙ (መብራቱ ከሚመጣበት ቀዳዳ) እስከ ኒውትራሉ (እስከሚመለስበት ቀዳዳ) 120 ገደማ፣ ከፌዙ እስከ ግራውንዱም እንዲሁ 120 ገደማ፣ ከኒውትራሉ እስከ ግራውንዱ ደግሞ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። የትኛውም ቀዳዳ 240 ካነበበ፣ የሠራው ሰው ተመልሶ እስኪያስተካክለው ድረስ አይሰኩ።